የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከፀሐይ ኮሮና የሚፈነዳው ኤክስሬይ

በዚህ ዕትም የምናስተናግዳቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ከወሎ የመጡ ናቸው። ጸሐፊዎቹ የሚተዋወቁ አይመስለንም፤ ነገር ግን ሁሉም የጠየቁት ከፀሐይ በየጊዜው ስለሚፈነዳው ኤክስሬይና ፍንዳታው ስለሚነሣበት የፀሐይ ውጫዊ ከባቢ አየር፣ ማለትም ስለ ኮሮና ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ ተቀራራቢዎቹንም አጣምረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል እያልኩ አስተምራለሁ። አንዲት ተማሪዬ ግን የፀሐይ ገጽ 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሆኖ ሳለ ከገጹ በላይ ያለው ኮሮና እንዴት ከ1 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ቻለ ብላ ጠየቀችኝ። የኤክስሬይ ፍንዳታውም የሚነሣው ከዚያው እንደሆነ አንብቤአለሁ። እዚያ የሚፈነዳው ምንድን ነው?

መልስ፦ ተማሪዎ የጠየቀችው የፀሐይ ተመራማሪዎችን ከ80 ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረውን ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1869 በተከሰተው ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ወቅት የኮሮናን ብርሃን በየቀለሙ የለዩ ተመልካቾች በጊዜው ከታወቀ ከማንኛውም ንጥረ ነገር ጋር የማይገጥም አረንጓዴ መስመር አገኙ። ለብዙ ዓመታትም በምድር ላይ የሌለ «ኮሮኒየም» የሚባል ንጥረ ነገር ያወጣው ይሆናል ሲባል ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1940 አካባቢ ጀርመናዊው ቫልተር ግሮትሪያንና ስዊድናዊው ቤንግት ኤድሌን ባደረጉት ምርምር መስመሩ ከ26 ኤሌክትሮኖቹ 13ቱን ካጣ ተራ ብረት እንደሚወጣ ታወቀ። ብረትን እስከዚህ ድረስ ለማራቆት ከ1 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ይህን ያህል የሞቀ ጋዝ ደግሞ ብርሃኑን በብዛት የሚያወጣው ዓይን በሚያየው ቀለም ሳይሆን በሩቅ አልትራቫዮሌትና በኤክስሬይ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካውያን ከጀርመን በማረኳቸው ቪ-2 ሮኬቶች መሣሪያ አሳፍረው ከከባቢ አየራችን በላይ ሲልኩ፣ እ.ኤ.አ. በ1949 የኸርበርት ፍሪድማን ቡድን ከፀሐይ የሚመጣውን ኤክስሬይ በቀጥታ ለካ።

ለተማሪዎችዎ የሚያስተምሩት ሕግ አልተሻረም። ወደ ኮሮና የሚወጣው ጉልበት በሙቀት መልክ ከገጹ እየተላለፈ ቢሆን ኖሮ ኮሮናው ከገጹ ሊበልጥ ባልቻለም ነበር። ጉልበቱ የሚወጣው ግን በመግነጢሳዊ መስክ አማካይነት ነው፤ ሙቀት የሚሆነውም ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ኮሮናው እጅግ ስስ መሆኑንም ማስታወስ ያሻል፤ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ የሚገኙት ቅንጣቶች 1 ቢሊዮን ገደማ ሲሆኑ፣ በባሕር ጠለል ያለው የምድር አየር በዚያው መጠን ውስጥ ከ10 ቢሊዮን እጥፍ በላይ ቅንጣቶች አሉት። ስለዚህ ዲግሪው ቢያስደነግጥም የተከማቸው የሙቀት መጠን ያን ያህል አይደለም።

ጆርጅ ኤለሪ ሄል እ.ኤ.አ. በ1908 በማውንት ዊልሰን የምርምር ጣቢያ እንዳሳየው፣ በፀሐይ ገጽ ላይ የሚታዩት ጥቁር ነጠብጣቦች የበረታ መግነጢሳዊ መስክ ያለባቸው ቦታዎች ናቸው። የመስኩ ብርታት እስከ 3,000 ጋውስ ይደርሳል፤ ኮምፓስ የሚያዞረው የምድራችን መስክ ግን ግማሽ ጋውስ አካባቢ ነው። የመስክ መስመሮቹ ከአንዱ ነጠብጣብ ወጥተው፣ በኮሮናው ውስጥ ቀስት ሠርተው፣ ተቃራኒ ዋልታ ወዳለው ነጠብጣብ ይመለሳሉ። በኮሮናው ውስጥ ከጋዙ ግፊት ይልቅ የመስኩ ግፊት ስለሚያይል ጋዙ እንደ ልቡ መሄድ አይችልም፤ መስመሩን ተከትሎ ብቻ ይፈሳል። በሥር ባለው ገጽ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ እየፈላ የሚገላበጠው ጋዝ አይሎ የቀስቶቹን እግሮች ወዲያና ወዲህ ይጎትታቸዋል። እግራቸው በተጎተተና በዞረ ቁጥር መስመሮቹ እንደ ፈትል ይከርራሉ፤ ጉልበትም በመክረራቸው ውስጥ ይጠራቀማል።

የመምህሩ ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ነው። የሚፈነዳው ነዳጅ ወይም ጋዝ አይደለም፤ የሚለቀቀው በከረረው መስክ ውስጥ ለሰዓታትና ለቀናት የተጠራቀመው ጉልበት ነው። በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱ መስመሮች ተገፍተው በአንድ ስስ ወለል ላይ ሲገናኙ ተቆርጠው በሌላ ቅርጽ ይጋጠማሉ፤ አዲሱ ቅርጽ ከቀድሞው ያነሰ ጉልበት ስለሚይዝ ትርፉ ወደ ሙቀት፣ ወደ ጋዝ እንቅስቃሴና ወደ ፈጣን ኤሌክትሮኖች ይለወጣል። ትልቅ ፍንዳታ በደቂቃዎች ውስጥ የሚለቀው ጉልበት 10 በ25 ርቢ ጁል ያህል ነው፤ ማለትም ከ1 ቀጥሎ 25 ዜሮዎች ያሉት ቁጥር። በብዙ የልጆች መጻሕፍት ላይ ፀሐይ የምትሣለው ነበልባል የሚንቦገቦግባት የእሳት ኳስ ሆና ነው፤ ይህ ሥዕል ተማሪን ስለሚያሳስት ቢቀር እንመርጣለን፤ በኮሮና ውስጥ የሚቃጠል ነገር የለም።

ፍንዳታ በሌለበትም ጊዜ ኮሮናው ለምን ሞቃት ሆኖ እንደሚቆይ ሁለት ዋና ሐሳቦች አሉ። ዩጂን ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1988 እንዳስረዳው፣ ተነጥለው የማይታዩ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ፍንዳታዎች ያለማቋረጥ ያሞቁታል። ሌላው ሐሳብ ደግሞ ሐኔስ አልቬን እ.ኤ.አ. በ1942 በቀመር ያሳያቸው፣ በመስክ መስመሮች ላይ እየተርገበገቡ የሚወጡ ሞገዶች ጉልበቱን ያደርሳሉ የሚል ነው። የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች ክርክር በአብዛኛው የየትኛው ድርሻ የት ላይ ይበልጣል የሚል ነው። በፓርከር ስም የተሰየመችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ኮሮናው ውስጥ ዘልቃ የገባች ሲሆን፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከፀሐይ ገጽ 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር እስኪቀራት ድረስ ቀርባለች።

ጥያቄ፦ በላሊበላ አስጎብኚ ነኝ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ የታየውን ግርዶሽ ከእኛው ከተማ ተመልክቻለሁ። ፀሐይ የወርቅ ቀለበት መስላ ነበር፤ ሆኖም ኮሮና የሚባለውን አላየሁም። ለምን?

መልስ፦ ያን ዕለት ጨረቃ ከምድር ራቅ ያለች ስለነበረች መጠኗ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ለመሸፈን አልበቃም። በዓይን የሚታየው የኮሮና ብርሃን የፀሐይ ክብ ከሚሰጠው ብርሃን 1 ሚሊዮንኛ ያህል ነው። ስለዚህ የቀረው ቀለበት ከፀሐይ ክብ 1 በመቶ ብቻ እንኳ ቢሆን ከኮሮናው 10,000 ጊዜ ይደምቃል። ኮሮናው እዚያው ነበር፤ የዋጠው ቀለበቱ ነው። ኮሮናን በዓይን ለማየት ሙሉ ግርዶሽ ያስፈልጋል፤ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚከሰተው እንዲህ ያለው ነው። የሙሉ ጥላው መንገድ በግብፅ ሉክሶር፣ በመካ፣ በየመንና በሶማሊያ ጫፍ ያልፋል፤ በሉክሶር አካባቢም ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል። ወሎ ከመንገዱ ውጭ ስለሆነች የሚደርሳት ከፊል ግርዶሽ ነው፤ በሐምሌ ደመና መካከል ፀሐይዋ ከታየች ማለት ነው።

በኤክስሬይ ለሚያይ ቴሌስኮፕ ግን ግርዶሽ አያስፈልገውም። የፀሐይ ገጽ ኤክስሬይ ለማውጣት ከሚያስፈልገው ሙቀት በእጅጉ የቀዘቀዘ ስለሆነ በምስሉ ላይ ጥቁር ይሆናል፤ በፊቱ ያለው ኮሮና ሁሉ ደግሞ ደምቆ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተመጠቀችው ስካይላብ የተባለች የጠፈር ጣቢያ ሰዎችን አሳፍራ ለወራት ያነሣቻቸው ምስሎች የኮሮናን መግነጢሳዊ አወቃቀር በግልጽ አሳይተዋል፤ መስመሮቹ ቀስት ሠርተው በተመለሱበት ቦታ ጋዙ ስለሚታሰር ይደምቃል፤ መስመሮቹ ወደ ጠፈር ተከፍተው በቀሩበት ቦታ ደግሞ ጋዙ ስለሚያመልጥ የኮሮና ቀዳዳ የሚባል ጥቁር ስፍራ ይታያል። ፈጣኑ የፀሐይ ነፋስ፣ ማለትም ከፀሐይ ወደ ጠፈር የሚፈሰው ስስ ጋዝ፣ የሚነሣው ከእነዚህ ቀዳዳዎች ነው።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። በሐኪም ቤት ራጅ ስንነሣ ጨረሩ ሰውነታችንን አልፎ ይሄዳል፤ በተራ ሌንስም አይሰበሰብም። ታዲያ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ከራቀ ቦታ የመጣ ኤክስሬይ ከቀስቱ አናት ይነሣ ከእግሩ በምን ይለያል?

መልስ፦ መልሱ እንደ ኤክስሬዩ ዓይነት ይለያያል። ለስላሳ የሚባለው፣ ጉልበቱ አነስ ያለው ኤክስሬይ እጅግ በለሰለሰ መስታወት ላይ በጣም ዘንበል ብሎ ሲያርፍ ይንጸባረቃል፤ ስለዚህ ጨረሩ ጠርዝ ጠርዙን እየዳሰሰ በሚያልፍባቸው መስታወቶች ምስል ይሠራል። ጠንካራው ኤክስሬይ ግን መስታወቱንም አልፎ ስለሚሄድ ብልሃቱ በጥላ መሥራት ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2002 የተመጠቀችው ሬሲ የተባለች የአሜሪካ ሳተላይት 9 ጥንድ የብረት ፍርግርጎች ነበሯት። ሳተላይቷ በ4 ሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ ትሽከረከር ስለነበር፣ ከአንድ ነጥብ የሚመጣው ጨረር በፍርግርጎቹ ክፍተት አንዴ እያለፈ አንዴ እየተጋረደ ከኋላ ያለው መለኪያ ላይ ከፍና ዝቅ የሚል ቁጥር ይጽፋል። የዚህ መዋዠቅ ፍጥነትና ሰዓት ጨረሩ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ስለሚነግር፣ ከቁጥሩ ተነሥቶ ምስሉን በስሌት ማውጣት ተቻለ። ካሜራ ሳይኖር ፎቶግራፍ ማንሣት ነው ቢባል አልተጋነነም።

የሁለቱ ኤክስሬዮች ምንጭም የተለያየ ነው። መስመሮቹ ሲጋጠሙ ተወንጭፈው የሚወጡት ኤሌክትሮኖች የቀስቱን ሁለት ጎኖች ተከትለው ወደ ታች ይበርራሉ፤ ስስ በሆነው ኮሮና ውስጥ የሚያግዳቸው እምብዛም የለም፤ ከሥሩ ያለውን ወፍራም ንብርብር፣ ክሮሞስፌርን፣ ሲገጩ ግን በድንገት ይገታሉ። በመገታታቸውም ጠንካራ ኤክስሬይ ያወጣሉ፤ የራጅ መሣሪያ ቱቦ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። በምስሉ ላይ በቀስቱ ሁለት እግሮች በአንድ ጊዜ የሚበሩ ሁለት ነጥቦች የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። በግጭቱ የጋለው ጋዝ ከ10 እስከ 20 ሚሊዮን ዲግሪና ከዚያ በላይ ሞቆ ወደ ላይ እየፈላ ቀስቱን ይሞላዋል፤ ያን ጊዜ ቀስቱ በሙሉ በለስላሳ ኤክስሬይ ያበራል። ስለዚህ ጠንካራው ቀድሞ ለሰከንዶችና ለጥቂት ደቂቃዎች ይበርቃል፤ ለስላሳው ዘግይቶ ከፍ ይልና ቀስ ብሎ ይበርዳል። በቨርነር ኖይፐርት ስም በሚጠራው ግንኙነት መሠረት፣ የጠንካራው ጨረር ምት ከመጀመሪያ አንሥቶ እየተደመረ ሲሄድ የሚገኘው ግራፍ ከለስላሳው ግራፍ ጋር ይመሳሰላል። እርስዎ የምህንድስና ተማሪ ስለሆኑ፣ ለስላሳው የጠንካራው ኢንቴግራል ነው ብንልዎ ይበልጥ ይገባዎታል።

ከሁሉም በላይ ልናመለክትዎ የምንፈልገው እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 1992 የታየውን ፍንዳታ ነው። ዮሕኮ የተባለችው የጃፓን ሳተላይት ከተመጠቀች ገና ጥቂት ወራት ነበር። ሳቶሺ ማሱዳና ባልደረቦቹ ምስሉን ሲመረምሩ እንደተጠበቀው በሁለቱ እግሮች ላይ ሁለት ጠንካራ የኤክስሬይ ምንጮችን አገኙ፤ ሆኖም ያልተጠበቀ ሦስተኛ ምንጭም ነበር። ያም በቀስቱ ላይ ሳይሆን ከቀስቱ አናት በላይ፣ ለስላሳው ኤክስሬይ ባዶ አድርጎ በሚያሳየው ቦታ ነበር። በስስ ጋዝ ውስጥ እንዲህ ያለ ጠንካራ ጨረር እንዲወጣ አንዳች ኃይለኛ ነገር በአቅራቢያው መከናወን አለበት፤ አብዛኞቹ ተመራማሪዎችም መስመሮቹ የሚቆረጡትና የሚጋጠሙት ከቀስቱ በላይ ለመሆኑ ማስረጃ አድርገው ወሰዱት። መግነጢሳዊ መስክ ራሱ አይታይም፤ በእኛ ግምት የኤክስሬይ ምስል ትልቁ ጥቅም ይህን የማይታይ ነገር ቅርጽ፣ የታሰረበትንና የተፈታበትን ቦታ ጭምር ማሳየቱ ነው።

ጥያቄ፦ ከደላንታ ነው የምጽፈው። እኛ የምንኖረው ደጋ ላይ፣ ለፀሐይ ቅርብ ነው። ይህ ጨረር ልጆቼን ይጎዳብኛል?

መልስ፦ እናታችን፣ አይጎዳም። ከፀሐይ የሚመጣው ለስላሳ ኤክስሬይ ከምድር በላይ 80 ኪሎ ሜትርና ከዚያ ከፍ ባለ ቦታ በአየሩ ተውጦ ይቀራል፤ ጠንካራው ቢዘልቅም መሬት አይደርስም። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ እንኳ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የደጋ ፀሐይ ቆዳ የምታቃጥለው በየዕለቱ በሚመጣው አልትራቫዮሌት ምክንያት ነው፤ ለእሱ ባርኔጣና ጥላ ይበቃል፤ ከፍንዳታውም ጋር ግንኙነት የለውም።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ከተማ ነዋሪ፣ ጡረተኛ ነኝ። በአጭር ሞገድ ሬዲዮ የውጭ ጣቢያዎችን ማዳመጥ እወዳለሁ። አንዳንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ጣቢያዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ድምፃቸው ይጠፋና ቆይቶ ይመለሳል። ልጄ የፀሐይ ፍንዳታ ነው ይለኛል። እውነት ነው? የሚናገሩት የኤክስ እና የኤም ደረጃስ ምንድን ነው?

መልስ፦ አባታችን፣ ሁልጊዜ ባይሆንም ልጅዎ እውነቱን ሊሆን ይችላል። የአጭር ሞገድ ስርጭት ሩቅ አገር የሚደርሰው ከላይኛው አየር በኤሌክትሪክ ከተሞላ ንብርብር ተንጸባርቆ ነው። የፍንዳታው ኤክስሬይ ሲደርስ ከዚያ ንብርብር በታች፣ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ፣ ኤሌክትሮኖችን ከአየሩ ያላቅቃል፤ እነዚህም ሞገዱ ሲያልፍ ጉልበቱን ይውጡታል። የሚጎዳው የምድር ቀን የሆነው ወገን ብቻ ሲሆን፣ ፀሐይ በአናት ላይ በሆነችበት አካባቢ ይበረታል። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ቀድሞ ስለሚጠፋና ዘግይቶ ስለሚመለስ፣ ጣቢያው በሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚያስተላልፍ ከሆነ ከፍተኛውን ይሞክሩ። ኤፍ ኤም ከማሰራጫው በቀጥታ ስለሚመጣ አይነካም፤ ኤፍ ኤሙም አብሮ ከጠፋ ባትሪውን ይመልከቱ።

ደረጃው የሚለካው ጎስ በሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ነው። ፊደላቱ ከዝቅተኛው ጀምሮ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኤም እና ኤክስ ሲሆኑ እያንዳንዱ ከቀደመው 10 እጥፍ ይበልጣል። ኤክስ 1 ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ የ1 ዋት 10,000ኛ ያህል ለስላሳ ኤክስሬይ ማለት ነው። ከፀሐይ በጠቅላላው የሚደርሰን 1,361 ዋት ስለሆነ ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሬዲዮ ለማጥፋት ግን ይበቃል። መስከረም 23 ቀን 2017 ዓ.ም. በእኛ ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ከ18 ላይ ጫፍ የደረሰው ፍንዳታ ኤክስ 9 ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በያዝነው የፀሐይ ዑደት፣ ማለትም ነጠብጣቦቿ በ11 ዓመት ገደማ በዝተው በሚያንሱበት ዙር፣ ከታዩት ሁሉ ኃይለኛውም እሱ ነበር። ሰዓቱ ለአፍሪካ ቀን ስለነበረ የአጭር ሞገድ መጥፋት ከደረሰባቸው አካባቢዎች አንዷ አህጉራችን ናት። እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 2003 የተከሰተው ደግሞ መለኪያውን ከአቅሙ በላይ ስላደረገው መጠኑ በግምት ብቻ ኤክስ 28 ተብሎ ተመዝግቧል።

ጥያቄ፦ በወልድያ የትምህርት ቤት ሳይንስ ክበብ አባላት ነን። ፍንዳታውን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል? እኛስ ምን ልንሠራ እንችላለን?

መልስ፦ ኤክስሬዩ በብርሃን ፍጥነት በ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ስለሚደርስ፣ ፍንዳታው መነሣቱን የሚነግረን ጨረሩ ራሱ ነው፤ ቀድሞ የሚደርስ ማስጠንቀቂያ የለም። ትንበያ የሚሰጡ ማዕከላት «በሚቀጥሉት 24 ሰዓታት የኤም ደረጃ ፍንዳታ የመከሰት ዕድሉ ይህን ያህል በመቶ ነው» ብለው በዕድል ቋንቋ ብቻ ይናገራሉ። ችግሩ በፀሐይ ገጽ ላይ ያለውን መስክ በየደቂቃዎቹ መለካት ሲቻል፣ ጉልበቱ በሚጠራቀምበት በኮሮናው ውስጥ ያለውን መለካት እጅግ አስቸጋሪ መሆኑ ነው። በሃዋይ የሚገኘውና የ4 ሜትር መስታወት ያለው የኢኖዬ ቴሌስኮፕ ከፀሐይ ጠርዝ ውጭ ያለውን የኮሮና መስክ ዝርዝር ካርታ ያወጣው ገና እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ከፍንዳታው ጋር የጋዝ ደመና ተወንጭፎ ከወጣ ግን ምድር ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ስለሚፈጅበት፣ እሱን በተመለከተ መዘጋጀት ይቻላል።

እናንተ የምትሠሩት የነጠብጣብ መዝገብ ነው። አንድ ባይኖኩላር በእንጨት ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ አንዱን ዓይኑን ክደኑ፤ ሌላውን ወደ ፀሐይ አቅኑና ከኋላው 30 ሴንቲሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ ነጭ ካርቶን ያዙ። ማንም በባይኖኩላሩ ውስጥ እንዳያይ መምህር አጠገቡ ይቁም፤ ለአፍታም ቢሆን ዓይን ያጠፋል። ሌንሱ እንዳይግል ከ2 ወይም ከ3 ደቂቃ በኋላ ከፀሐይ መልሱት። በካርቶኑ ላይ የወደቀውን ክብና ነጠብጣቦቹን በእርሳስ ቅረጹ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፤ በማግስቱም በዚያው ሰዓት ድገሙት። ነጠብጣቦቹ ከቀን ወደ ቀን ሲጓዙ ታያላችሁ፤ ፀሐይ ከምድር ስትታይ በ27 ቀን ገደማ አንዴ ትዞራለችና። ለብቻው ከቆመ ክብ ነጠብጣብ ይልቅ ብዙ ሆነው የተጨናነቁትን፣ በተለይም በአንድ ጥላ (በነጠብጣቡ ዙሪያ ባለው ግራጫ ክፍል) ውስጥ በርካታ ጥቁር እምብርቶች ያሉባቸውን ቡድኖች ምልክት አድርጉባቸው፤ ተቃራኒ ዋልታዎች ተጠጋግተው የሚገኙት፣ ትልልቆቹ ፍንዳታዎችም አዘውትረው የሚነሡት ከእነዚህ ነው። የጎስ ሳተላይቶች የኤክስሬይ ግራፍ በኢንተርኔት ለማንም በነጻ ስለሚቀርብ፣ ምልክት ያደረጋችሁበት ቡድን በሚቀጥሉት ቀናት ስንት ጊዜ እንደፈነዳ ከሥዕሉ ጎን ጻፉ፤ የአንድ ወር መዝገብ ስትሞሉም ላኩልን።